«ቆጠራውን ትንሽ ዝቅ አድርገው»

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ አካውንቲንግ ተምሬ ተሳሳትኩ እንዴ? ኤአይ ሥራችንን ሊወስደው ነው እያሉ ነው።» ብዙዎቻችሁ ስለምትጠይቁኝ መልሱን እዚሁ ልጻፈው።

ሥራችሁ ቫውቸር እያዩ መመዝገብ ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ ይወሰዳል። ማሽን እሱን ከእኛ በላይ ሳይሰለች ይሠራዋል። ድሮ ሦስት ወር ፒችትሪ ተምሮ ሰርተፍኬት መያዝ ያስቀጥር ነበር፤ ከእንግዲህ በሱ ብቻ አትተማመኑ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ነበር፣ ስሙ ይቅር። ሰኔ 30 ስቶክ ቆጥረን ስንጨርስ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «ቆጠራውን ትንሽ ዝቅ አድርገው» አለኝ። በእጅ የቀረው ዕቃ ሲያንስ የተሸጠው ዕቃ ወጪ ከፍ ይላል፣ ትርፉ ያንሳል፣ ግብሩም እንደዚያው። ገና ልጅ ነኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ አደረግኩት። መዘዙ በዓመቱ መጣ። የአምናው መዝጊያ የዘንድሮ መክፈቻ ነዋ! የደበቅነው ትርፍ ተመልሶ ብቅ አለ፤ እሱን ለመሸፈን ከአምናው የበለጠ መቀነስ ሊኖርብን ነው። በዚያው ሰሞን ሰውዬው የባንክ ብድር ፈለገና ትርፉ ከፍ ያለ ሌላ ሒሳብ ሥራልኝ አለ። ያኔ አልሠራም አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ፈርቼ ነው። አራት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። (እናቴ እስካሁን «ቁጥር መቀነስ ምን ነበረበት?» ትለኛለች።)

ይህን ክፍል ውስጥ ነግሬያችሁ አላውቅም። ፊፎውን፣ አማካዩን አስተማርኳችሁ፤ አለቃ «ዝቅ አድርገው» ሲል ምን እንደምትመልሱ ግን አላስተማርኳችሁም። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሙያው ወደፊት የሚኖረው በዚህ በኩል ይመስለኛል። 2016ን አስታውሱ። ብዙ ድርጅት ሒሳቡን ሰኔ 30 ሲዘጋ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት የሰኔ 30ው ቁጥሩ አይነካም፣ ስታንዳርዱ እንደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ጉዳት ግን ለአንባቢው መግለጽ ግዴታው ነው። ስሌቱን ፕሮግራም በሰከንድ ይጨርሰዋል። «ግለጸው፣ ባለቤቱ ባይወድም» የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው፤ የሚፈርመውም ሰው ነው። በ2017 የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው ተከፍቷል። ድርጅቱን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ያጠራቀመውን አውጥቶ አክሲዮን ሲገዛ የሚተማመነው በዚያ ፊርማ ነው።

ኤሲሲኤ ልጀምር ወይ ለምትሉ፦ ጀምሩ፣ ግን ፈተናው 13 ነው፣ በዲግሪያችሁ የሚቀነስላችሁ መኖሩን አስቀድማችሁ አጣሩ። ክፍያው በፓውንድ ነው፤ ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ ያማል።

ለጻፍሽልኝ ልጅ፦ አልተሳሳትሽም። ቆጠራ ሲኖር መጋዘን ግቢ፣ ካርቶኑን አስከፍተሽ እዪ፣ በቢን ካርዱ ብቻ አትተማመኚ። እምቢ ብላችሁ ሥራ ያጣችሁ ካላችሁ ደግሞ በውስጥ ጻፉልኝ። እንደዚህ ዓይነት ሰው የሚፈልጉ ሁለት ሦስት ኦዲተሮች አውቃለሁ።