የመንግሥት ሥራ ወደ ኢንተርኔት ሲገባ ደካማው በደጅ እንዳይቀር

መንግሥት ሥራውን በኢንተርኔት እንዲፈጸም ማድረጉ ሕዝቡን ከደጅ ጥናት ለማሳረፍ ነው። ገበሬ ለአንድ ወረቀት ብሎ ብዙ ቀን ሥራ ከሚፈታ፥ በቤቱ ሳለ ቢፈጸምለት መልካም መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ፊደል ያልቈጠረው ሽማግሌ፥ ዐይኑ የማያየው ሰው፥ ስልክ የሌላት ባልቴት፥ የወረቀቱ በር ተዘግቶባቸው በማያውቁት በር ግቡ ቢባሉ፥ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተትዋንም አላይ» ይሆንባቸዋል።

ይህ ችግር መድኃኒት ያጣ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የገበሬዎች ስልክ ለዚህ ምስክር ነው። ገበሬው በተራ ስልክ ያለ ክፍያ ደውሎ የእርሻን ምክር በቋንቋው በድምፅ እንዲሰማ ሆኖ ስለ ተሠራ፥ ማንበብንም ኢንተርኔትንም አልጠየቀም።

በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1284 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ የጣት አሻራን፥ የዐይንን ምስልና የፊትን ፎቶግራፍ ይመዘግባል። ዕድሜውን ሙሉ እርፍ ጨብጦ የኖረ ገበሬ ግን የጣቱ መስመር ስለሚፋቅ፥ መሣሪያው ሊያነብለት ይቸግረዋል። በዚህ ምክንያት ባዶ እጁን ሊመለስ አይገባም፤ አሻራው ባይነበብ ዐይኑና ፊቱ ይመስክሩለት።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ የመገናኛና የመረጃ አገልግሎት ለእነርሱም የተመቸ እንዲሆን ያዛል። እንግዲህ ነገሩ የሕግ ዕዳ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ስለዚህ በየወረዳውና በየቀበሌው ያሉ ሹማምንት ሦስት ነገር ቢጠብቁ ይበቃል። አንደኛ፥ አዲሱ መንገድ ለሁሉ እስኪለመድ ድረስ የወረቀቱን በር አይዝጉ። ሁለተኛ፥ ማንበብ ለማይችል የሚያነብና የሚጽፍለት የታመነ ጸሓፊ ያለ ዋጋ ያቁሙለት፤ ይህ ካልሆነ ድኻው ለደላላ ይገብራል። ሦስተኛ፥ ጸሓፊው የባለጉዳዩን የምሥጢር ቍጥር ለራሱ አይያዝ፤ በዚያ ቍጥር የሰውን ገንዘብና መብት መውሰድ ይቻላልና። ማንበብ የሚችል ባለይዞታም ለጐረቤቱ መሪ ይሁነው።

ገንዘብ የለም የሚል ሹም ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን አንድ ወንበርና አንድ ቅን ሰው ብዙ ወጪ አያስወጣም። የሥራውም መልካምነት በተመዘገበው ሕዝብ ብዛት ብቻ አይመዘንም፤ በማታ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ወደ ቤቱ የተመለሰው ማን እንደ ሆነ በመጠየቅም ነው እንጂ።