«ንጉሥ አይከሰስ» ማለት ይብቃን



አገር ቤት ሳለን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን አደግን። ወደ እስራኤል ስንገባ ብዙ ነገር ጥለን መጥተናል፤ ይህን ተረት ግን ማንም አልጣለውም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህ ተረት ልጆቻችንን እየጎዳ ስለሆነ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት እናት ወደ ቢሮዬ መጡ። የከተማውን ስምና የሰዎቹን ማንነት አልጠቅስም። የ17 ዓመት ልጃቸው ማታ ከኳስ ልምምድ ሲመለስ አንድ ፖሊስ አስቆመው። ቦርሳውን በጎረቤት ፊት አስፋልት ላይ ዘረገፈው። ከጫማና ከፎጣ በቀር ምንም አልተገኘም። ልጁ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ክንዱ ተጠምዝዞ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ «ሂድ» ተባለ። ይኸው ነው።

እናቱ የመጡት ግን ለመክሰስ አልነበረም። «ልጄ፣ ፖሊስን ከሶ ያሸነፈ ማን አለ? ይልቅ አንቺ ምከሪልኝ፤ ማታ ማታ እንዳይወጣ» አሉኝ። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ «እሺ እማማ» ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና በዕብራይስጥ «አንቺም ዝም በል ልትዪኝ ነው?» አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ወታደር የሚሆን ልጅ ነው።

ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ማውጣት አልቻልኩም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ፖሊስ ያስፈልገናል። ቤት ሲሰበር፣ ባል በሚስቱ ላይ እጁን ሲያነሣ የምንደውለው ወደ 100 ነው። በሥራዬ ምክንያት እኔም ብዙ ጊዜ ደውያለሁ፤ በሌሊት ደርሰው ሕይወት ያተረፉ ፖሊሶችንም አውቃለሁ። ጥያቄዬ ፖሊስ ሥልጣን ለምን አለው የሚል አይደለም። ሥልጣኑ ከሕግ የተዋሰው እንጂ የግሉ አይደለም፤ የተዋሰ ደግሞ ሲጠየቅ መልስ መስጠት አለበት ነው የምለው።

«ጥፋት የሌለበት ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚሉ አሉ። ከእኛም መሐል አሉ። ለእነዚህ ወገኖች የደማስ ፓካዳን ነገር ላስታውሳቸው። በሚያዝያ 2015 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሖሎን ከተማ፣ የአገሪቱን የጦር ሠራዊት ልብስ እንደለበሰ ፖሊሶች ደበደቡት። መጀመሪያ የተያዘው እርሱ ራሱ ነበር፤ «ፖሊስ መታ» ተብሎ። ያዳነው በአካባቢው የነበረ ካሜራ ነው። ፊልሙ ባይኖር ማን ያምነው ነበር? ፊልሙ እያለ እንኳ በፖሊሱ ላይ የተከፈተው የወንጀል ፋይል በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ያለ ክስ ተዘግቷል።

በነሐሴ 2016 ደግሞ የፖሊስ ዋና አዛዥ የነበሩት ሮኒ አልሼክ በጠበቆች ጉባኤ ፊት ቆመው፣ አንድ ፖሊስ ኢትዮጵያዊ ሲያይ ከሌላው ይልቅ ቢጠረጥረው ተፈጥሯዊ ነው የሚል ንግግር አደረጉ። ልብ በሉ፤ ይህን ያሉት ተራ ፖሊስ ሳይሆኑ የሁሉ አለቃ ናቸው። እንግዲህ ልጃችን የሚጠረጠረው ባደረገው ነገር ሳይሆን በመልኩ ከሆነ፣ «ጥፋት የሌለበት ምን ያስፈራዋል» የሚለው ምክር ምን ይጠቅመዋል? መልክ አይታጠብ፣ አይቀየር።

ከዚያ ወዲህ ያሉትን ስሞች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጥር 2019 ይሁዳ ቢያድጋ የአእምሮ ሕመምተኛ ሳለ በባት ያም በፖሊስ ጥይት ሞተ። በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ሰሎሞን ተካ፣ ገና አፍላ ወጣት፣ በቂርያት ሐይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። በመላ አገሪቱ መንገድ ተዘጋ። ሐዘኑን አውቃለሁ፣ እኔም ቆሜአለሁ። መኪና ማቃጠሉን ግን አልደግፍም፤ የተቃጠለ መኪና ለሰሎሞን አንድ ቀን ዕድሜ አልጨመረለትም፤ የልጆቻችንን መጠርጠር ለሚሹ ግን ጥሩ ማስረጃ ሆነላቸው።

ታዲያ ዝም እንበል? አይደለም። በሕግ መንገድ አቤት እንበል ነው የምለው።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ይስቅብኝ ይሆናል። «ለማሐሽ?» ይለኛል። ማሐሽ ማለት ፖሊሶችን የሚመረምረው የፍትሕ ሚኒስቴር ክፍል ነው። በ1992 ከፖሊስ ውጭ የተቋቋመው ሌባ ሌባውን እንዳይመረምር፣ ወንድም በወንድሙ ላይ እንዳይፈርድ ተብሎ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መርማሪዎቹ ራሳቸው ከፖሊስ የመጡ ነበሩ፤ እስከ ዛሬም ብዙው አቤቱታ ያለ ክስ ይዘጋል። ይህን አልደብቃችሁም። የሚላከውም ደብዳቤ በጠበቃ ዕብራይስጥ የተጻፈ ስለሆነ ወላጅ አንብቦ አይረዳውም። አንድ አባት የልጁ ፋይል ለምን እንደተዘጋ ለማወቅ የዚያኑ የተጎዳውን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ አለበት? ይህ ያሳፍራል፤ የሚያሳፍረው ግን አባትየውን አይደለም።

ቢሆንም አቤቱታ ከንቱ አይደለም። ከ2015 ሰልፍ በኋላ በኤሚ ፓልሞር የሚመራ የመንግሥት ኮሚቴ ተቋቋመ። በ2016 ባወጣው ዘገባ በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ ዘረኝነት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ፣ በፖሊስም ጭምር፣ መኖሩን አምኖ ከ50 በላይ ምክሮችን ሰጠ። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍልም ተከፈተ። በጥር 2021 ደግሞ «ጠበቃ» የተባለው ድርጅትና ሌሎች ባቀረቡት አቤቱታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊስ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሳይኖረው መንገደኛን አስቁሞ መታወቂያ እንዲያሳይ ማስገደድ አይችልም ብሎ ፈረደ። ይህ ፍርድ ከሰማይ አልወረደም። አንድ ልጅ ተናገረ፣ አንዲት እናት ፈረመች፣ አንድ ጠበቃ ጻፈ፤ ከዚያ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዝም ያሉት ሰዎች በደል ግን በየትኛውም ፋይል ውስጥ የለም። ለመንግሥት ያልተጻፈ በደል ያልተፈጸመ በደል ነው።

ስለዚህ አዲስ ገቢ ወገኖቼ፣ ይህን ቆርጣችሁ ፍሪጃችሁ ላይ ለጥፉት። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው መታወቂያ መያዝ አለበት፤ ፖሊስ ሲጠይቅ አሳዩ፤ አትሩጡ፣ አትሳደቡ፣ እጅ አታንሡ። ነገር ግን ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ። ፖሊሱ የስም ምልክት መልበስና ማንነቱን መናገር በሕግ ግዴታው ነው፤ ስሙን ያዙ። ያለ ጥርጣሬ «ልፈትሽህ?» ካለ፣ እምቢ ማለት እንደምትችሉና እምቢ ማለታችሁም እንደማይጎዳችሁ መንገር አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 እንዲህ ወስኗል። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ተይዞ ለምርመራ ከተወሰደ ለወላጅ መነገር አለበት። ጉዳት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱና ወረቀት ተቀበሉ። ያያችሁትን፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ የምስክሮችንም ስም ጻፉ፤ በአማርኛም ቢሆን። ፋይሉ ያለ ክስ ከተዘጋ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ጊዜው ግን የተወሰነ ነውና ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጡት።

ከእኛ ከማኅበሩም የሚጠበቅ አለ። የእስራኤል ፖሊስ አገር አቀፍ ነው፤ ከንቲባው አያዘውም። ስለዚህ የአካባቢውን የጣቢያ አዛዥ በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል ጋብዘን እንጀራ ማብላት አይበቃም። በሕዝብ ፊት ተቀምጠው፣ ስንት ልጆቻችን እንደቆሙ፣ ለምን እንደቆሙ፣ ካሜራቸው ለምን እንደጠፋ ይመልሱልን። እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው፤ የተከበረ እንግዳም ሲጠየቅ ይመልሳል።

የምንኖረው ያቭነ ውስጥ ነው። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓመተ ምሕረት ሲፈርስ ረባን ዮሐናን ቤን ዘካይና ሊቃውንቱ ሕጉን ይዘው የተሰበሰቡት እዚህ ነው። ሠራዊት አልነበራቸውም፤ ሕግ ግን ነበራቸው። ቄሶቻችን እንዳስተማሩን ኦሪት ስለ ፈራጆችና ስለ ሹማምንት አብራ ትናገራለች። የሹማምንቱ ስም በዕብራይስጥ «ሾትሪም» ነው፤ ዛሬ ፖሊስን የምንጠራበት ያው ቃል። ቀድማ የምትጠራው ግን ፈራጁን ነው። ፖሊስ ከዳኛ በኋላ ይመጣል።

ደግሞስ ተረታችን አንድ ብቻ ነበር እንዴ? አባቶቻችን መንገድ ላይ ጉልበተኛ ሲገጥማቸው «በሕግ አምላክ!» ብለው ያቆሙት አልነበረም? ያንንም አብረን አምጥተነዋል፤ እናውጣው።

ያን ልጅና እናቱን ለሁለተኛ ጊዜ ጠራኋቸው። አቤቱታውን ሦስታችን ሆነን ጻፍነው፤ እርሱ በዕብራይስጥ፣ እርሳቸው በአማርኛ። እማማ ሲፈርሙ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መልሱ ገና አልመጣም። ልጁ ግን ማታ ማታ ወደ ልምምዱ ይሄዳል።