መብራቱ ስለ ጠፋ መኪናው ዳነ አይባልም



ብዙ ባለመኪና ስለሚጐዳበት አንድ ጉዳይ ያለኝን አሳብ በዓምድዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የዛሬ መኪና የሞተሩን ሥራ የሚቈጣጠር ኮምፒውተር አለው። ብልሽት ሲያገኝ የብልሽቱን ቍጥር ይመዘግብና በሾፌሩ ፊት «ቼክ ኢንጂን» የሚባለውን መብራት ያበራል። ይህ አሠራር በአሜሪካ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ አውሮፓም ለቤንዚን መኪናዎች ከ2001 ጀምሮ ተከትሏል። መካኒኩ ስካነር በሚባለው መሣሪያ ቍጥሩን ያነባል፤ በዚያው መሣሪያ ሊሰርዘውም ይችላል። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው፤ ከጥገና በኋላ ይሰረዝ ወይስ ይቈይ?

የደረሰብኝን ላስረዳ። ለሥራ አዲስ አበባ ሳለሁ መብራቱ ስለ በራ መኪናዬን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ «ተሠርቷል» ተባልኩ፤ መብራቱም ጠፍቷል። ሒሳቤን ከፍዬ ደስ እያለኝ ወደ እነዋሪ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ ወደ ደብረ ብርሃን ይዤ ስሄድ፣ ደነባ ሳንደርስ መኪናው ዳገት ላይ ጕልበት አጣ። እየቆምን እየተነሣን ደብረ ብርሃን ስንገባ ቀጠሮው አልፎ ነበር። እናቴም ሕመሟን ይዛ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ግድ ሆነባት።

እዚያው ያገኘሁት መካኒክ ስካነሩን ቢሰካ ምንም ቍጥር አላገኘም። «ጋሼ፣ ምስክሩን ሳይጠይቁ አሰናብተውታል» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቍጥሩን ሲመዘግብ በዚያች ሰዓት የነበረውን ፍጥነት፣ የሞተሩን ሙቀትና የተሸከመውን ጫና አብሮ ይጽፋል። ቍጥሩ ሲሰረዝ ይህም ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ብዙዎቹንም ብልሽቶች በሁለት ጕዞ ካላያቸው መብራቱን መልሶ አያበራም። ስለዚህ ብልሽቱ እስኪመለስ ድረስ መኪናውን እየነዳን መጠበቅ ነበረብን። በመጨረሻ ፒ 0171 የሚል ቍጥር ወጣ፤ ትርጓሜውም ከነዳጁ ይልቅ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ተመርምሮ የተገኘው አየር የሚያስገባው የላስቲክ ቱቦ መሰንጠቅ ነበር፤ ሞተሩ ሲከብደው ስንጥቁ ይከፈታል። የቱቦው ዋጋ መብራቱን ለማጥፋት ከከፈልኩት ያነሰ ነበር።

አንዳንዶች «እንግዲያው ፈጽሞ አይሰረዝ» ይላሉ። ምክንያታቸውም አይናቅም። ጥገናው እውነተኛ ከሆነ መብራቱ ብልሽት በሌለባቸው ሦስት ተከታታይ ጕዞዎች በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ ቍጥሩም ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ቀዝቅዞ ከሞቀ በኋላ ይሰረዛል። ነገር ግን አሮጌው ቍጥር ከአዲስ ብልሽት ጋር ሲደባለቅ የሚቀጥለውን መካኒክ ያሳስታል። ስለዚህ እኔ ይሰረዝ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን በሥርዓቱ ይሁን።

ሥርዓቱም ይህ ነው። በመጀመሪያ ቍጥሩና አብሮት የተጻፈው ሁሉ ይነበብ፤ በወረቀትም ይጻፍ። ሁለተኛ ምክንያቱ ተገኝቶ ይጠገን፤ ቍጥሩ የሚጠቍመው የበሽታውን ምልክት እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይደለምና። ከዚያ ይሰረዝ። በመጨረሻ መኪናው በዳገትም በሜዳም ተነድቶ እንደገና ይነበብ። ይህ የመጨረሻው የግድ ነው፤ ከተሰረዘ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚመረምረው ከሀ ጀምሮ ስለሆነ ወዲያው «ቍጥር የለም» ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። የመኪና ጢስ በዚህ መንገድ በሚመረመርባቸው የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር እንኳ ይህን ራሱን የመመርመር ሥራ ያልጨረሰ መኪና ተመላሽ ይደረጋል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ውሳኔ ያላገኘ ፋይል ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ቢመለስ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ሳይጠግኑ ቍጥር መሰረዝም ከዚህ አይለይም። የመሥሪያ ቤት መኪና ሲጠገን ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነበበው ቍጥር ተጽፎ ከክፍያው ሰነድ ጋር ቢያያዝ፣ የሕዝብ ገንዘብ ለጠፋ መብራት ሳይሆን ለተሠራ ሥራ ይከፈላል። የግል መኪና ያለውም ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት «ምን ቍጥር ነበር? ምንስ ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በሥራው የሚተማመን መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የመኪናን በሽታ የሚደብቅልን ሰው ግን ገንዘባችንን ተቀብሎ መሆኑ ያሳዝናል።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከእነዋሪ