ቤቱ ዝግ ከሆነ፣ ነገ ተመለሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ እህቴ ቤት ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ደብዳቤ ተለጥፏል። የላከው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ነው። ቤታችሁ በየወሩ ለሚካሄደው የሥራ ጥናት ተመርጧል፣ ጠያቂ ይመጣል ይላል። በመላ አገሪቱ የሚመረጡት 60,000 ያህል ቤቶች ናቸው። የእህቴ ባል ግን አንዴ ቆርጧል። "አልከፍትላቸውም። ቁጥሩን እንደሆነ የሚጽፉት እንደፈለጉ ነው።"

ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የተከራከርነው በዚህ ነው። እሱ ፕሬዚዳንቱ የሥራ ቁጥር የሚያወጣውን ቢሮ ኃላፊ ማሰናበታቸው ትክክል ነው ባይ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2025 ይህን የቤት ለቤት ጥናት የሚያሠራው የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የጁላይን ሪፖርት አወጣ፤ በወሩ የተጨመረው ሥራ 73,000 ብቻ ነበር። በዚያው ሪፖርት የሜይ ቁጥር ከ144,000 ወደ 19,000፣ የጁን ደግሞ ከ147,000 ወደ 14,000 ዝቅ ተደረገ። በሁለቱ ወር ብቻ 258,000 ሥራ ከመዝገብ ተቀነሰ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተዛባ ነው አሉና የቢሮውን ኮሚሽነር ኤሪካ ማክኤንታርፈርን በዕለቱ አሰናበቱ። ማስረጃ አላቀረቡም። ሴትዮዋን የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በጃንዋሪ 2024 ያጸደቃት 86 ለ8 በሆነ ድምፅ ነበር፤ ከደገፏት መካከል ያኔ ሴናተር የነበሩት ጄዲ ቫንስና ማርኮ ሩቢዮ ይገኙበታል።

"የሾመ ይሽራል፤ ሩብ ሚሊዮን የሳተን ሰው ማን ያስቀምጣል?" ይላል የእህቴ ባል። በሕጉ በኩል እውነቱን ነው፣ አልካድኩትም። የኮሚሽነሩ ዘመን 4 ዓመት ነው የሚለው ሕግ ራሱ፣ አስቀድሞ ካልተሻረ በቀር የሚል ሐረግ አለበት። በምን ምክንያት እንደሚሻር ግን አይናገርም። የእኔ ክርክር ያለው እዚያ ክፍተት ላይ ነው።

ስለ ቆጠራ የማውቀውን ያወቅሁት በእግሬ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ደሴ፣ እንደተመረቅሁ ያገኘሁት ሥራ ስለ ሥራ አጥነት መረጃ መሰብሰብ ነበር። መጠይቄን ታቅፌ ሳላይሽ ሠፈርን ስወጣ ስወርድ እውል ነበር። ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሱፐርቫይዘራችን ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ሳይሉ አያሰማሩንም፦ "ቤቱ ዝግ ከሆነ ነገ ተመለሽ። ሰው የለም ብለሽ እንዳትጽፊ።" አንዲት እናት ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። ሳይነጋ ጉልት ስለምትወጣ አላገኛትም። ሳገኛት እሷ ሥራ አላት፣ ሁለት ልጆቿ የላቸውም። የመጀመሪያው ቀን ድምሬና የሦስተኛው ቀን ድምሬ አይገጥሙም ነበር፤ ግን ቀጣፊ ነሽ ያለኝ አልነበረም።

ዋሽንግተን የሆነውም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከቤት ለቤቱ ጥናት ሌላ የስታቲስቲክስ ቢሮው በየወሩ 121,000 ያህል ድርጅቶችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ይጠይቃል። ሁሉም በቀነ ገደቡ አይመልሱም። የዘገየው መልስ በተከታዮቹ ሁለት ወራት ሲገባ ቁጥሩ ይታረማል፤ የታረመውም በይፋ ይታተማል። 258,000 ትልቅ እርማት ነው፣ ሰው ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ግን ዝግ የነበረው በር ሲከፈት የተገኘ ቁጥር ነው።

የጋሼን ነገር ልጨርስ። አንድ ቀን አንድ ባለሥልጣን አስጠርቶን "እዚህ ሠፈር ይህን ያህል ሥራ አጥ የለም፤ አስተካክሉት" አለን። ጋሼ ቅጾቹን ሰብስበው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። "ያላነጋገርነው ቤት ካለ ያሳዩን፤ አሁኑኑ ሄደን እናነጋግራለን" አሉት። በሚቀጥለው ዙር ጋሼ አልነበሩም። ለምን እንደቀሩ የነገረን የለም። እኛ ግን የየራሳችንን ግምት ይዘን ወጣን። ከዚያ ወዲያ ሥራ አጥ በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ሳደርግ እጄ ያመነታ የነበረውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። አንድ ሰው ሲሻር እስክሪብቶው የሚከብደው ለቀሩት ሁሉ ነው።

ኮሚሽነሯ ከሄደች በኋላም ቁጥሩ አላማረም። በምክትሏ ጊዜ የወጣው የኦገስት ሪፖርት 22,000 ሥራ ብቻ አሳየ፤ ጁን ደግሞ እንደገና ሲታረም 13,000 ሥራ የጠፋበት ወር ሆኖ ተገኘ። ለቦታው የታጩት ኢጄ አንቶኒ ወርሃዊ ሪፖርቱ ቢቋረጥ ይሻላል ብለው ተናግረው ነበር፤ ዕጩነታቸው በሴፕቴምበር መጨረሻ ተነሣ። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ማንም ቢቀመጥ ክፍተቱ ያው ነው እላለሁ። የማዕከላዊ ባንኩን የፌዴራል ሪዘርቭን ገዥዎች ፕሬዚዳንቱ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሽራቸው ሕጉ ይደነግጋል። የቆጣሪዎቹ አለቃም ይህንኑ ሐረግ ማግኘት አለባት። ፕሬዚዳንቱ ይሹሙ፣ ምክር ቤቱ ያጽድቅ፤ አጥፍታ ከተገኘች ጥፋቷ በይፋ ይነገርና ትሻር። ቁጥሩ ደስ አላሰኘም ማለት ግን ጥፋት አይደለም።

የእህቴ ባል ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ልጁ ክፍል ጠቆመኝ። ልጁ ባለፈው ዓመት በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል። ማመልከቻ ሲልክ ይውላል፤ በሳምንት ሦስት ማታ ምግብ ያደርሳል። "ይሄን እኮ ሥራ አለው ብለው ይመዘግቡታል" አለኝ፣ ድምፁ ተሰብሮ። ልክ ነው። በጥናቱ ሳምንት 1 ሰዓት በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። ግን ጥያቄው እዚያ አያበቃም። ስንት ሰዓት ሠራህ፣ ሙሉ ሰዓት መሥራት ትፈልጋለህ ወይ፣ ለምን አልሠራህም ብሎ ይቀጥላል፤ የልጁን ዓይነት ሰዎች የሚያካትት ሌላ ሰፋ ያለ መለኪያም በየወሩ ይወጣል። በሩ ካልተከፈተ እሱ በየትኛውም አይገባም። የማንም በር ያልተንኳኳበት ወርም አይተናል፤ በኦክቶበር 2025 የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ተዘግቶ የዚያ ወር የቤት ለቤት ጥናት ጭራሽ ሳይካሄድ ቀርቷል፤ እንዲህ ያለ ክፍተት እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ታይቶ አይታወቅም።

ጠያቂዋ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ እህቴ ቤት እውላለሁ። እሱ ካልከፈተ እኔ እከፍታለሁ፤ ልጁን ጠርቼ አጠገቧ አስቀምጠዋለሁ።