«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከመጽሐፉ፣ ከትረካው ወይስ ከድራማው መጀመር ይሻላል?

«ፍቅር እስከ መቃብር» በአኹኑ ጊዜ በሦስት መንገድ ወደ ቤት ይገባል። በመጽሐፍ ይነበባል፤ በሬዲዮ ትረካ ይደመጣል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማነት ተሠርቶ ለተመልካች ቀርቧል። በቢቸና እና በሞጣ ለሚኖር አርሶ አደርም ኾነ የከተማ ነዋሪ ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከታሪኩ ዋና ዋና መቼቶች አንዷ የኾነችው ዲማ ጊዮርጊስ የምትገኘው በቢቸና አቅራቢያ፣ በእነማይ ወረዳ ነው። የአካባቢው ልጆች የገዛ አገራቸውን ታሪክ በየትኛው መልኩ ይተዋወቁት የሚለው ጥያቄም ከመዝናኛ ያለፈ ትርጉም አለው።

ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላውም ዓለም ይነሣል። የጃፓኑ አኒሜሽን «ድራጎን ቦል ዜድ» በ291 ክፍሎች የቀረበ ሥራ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመነሻው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ያልነበረው አብዛኛው ጭማሪ ተቀንሶለት «ካይ» በሚል ስያሜ ዳግም ቀረበ። በ2020 እ.ኤ.አ. ታሪኩን መሠረት ያደረገው «ካካሮት» የተሰኘ የቪዲዮ ጌም ሲወጣ፣ ከጨዋታው በፊት ታሪኩን ማወቅ የሚሻ ወጣት ከረጅሙ እና ከአጭሩ አንዱን መምረጥ ነበረበት። አጭሩ ጊዜ ይቆጥባል፤ ረጅሙ ከፍልሚያው ውጭ ያለውን ኑሮ ያሳያል። ስለዚህ መራጩ «የትኛው ይሻላል?» ከማለት አልፎ «በዚህኛው ምን ይጎድልብኛል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ይህንኑ ጥያቄ ወደ ጎጃም ማምጣት ይቻላል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም በጎዛምን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱ እና በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ነበሩ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም ታተመ። ከ500 ገጾች በላይ በሚኾነው በዚህ ሥራ የበዛብህ እና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ግንዱ ነው። ቅርንጫፎቹ ግን ብዙ ናቸው፤ የስእለት ልጅ የሚሸከመው ዕዳ፣ የቆሎ ተማሪ ሕይወት፣ የመኳንንት ቤት ሥርዐት እና የጉዱ ካሳ መራራ ትችት ይገኙበታል። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ በላይ ግብር በጠየቁ ጊዜ ባላገሩ እምቢ ማለቱ፣ ነገሩም ወደ ጦርነት ማምራቱ የታሪኩ ትልቅ ክፍል ነው።

ትረካው የራሱ ኃይል አለው። ታዋቂው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊደል ላልቆጠረውም ኹሉ መጽሐፉን አዳርሷል። ዛሬም በስልክ ሚሞሪ ተጭኖ ይደመጣል። አንድ ቤተሰብ ከሥራ በኋላ ተሰብስቦ አብሮ ሊሰማው ይችላል፤ መጽሐፍ ግን በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ነው። ኾኖም አድማጭ አንዱን ዐረፍተ ነገር ይዞ እንዲያሰላስል ትረካው አይጠብቀውም።

ድራማ በበኩሉ ልብሱን፣ ቤቱን፣ ፈረሱን እና የአቀማመጥ ሥርዐቱን በዐይን ያሳያል፤ ያንን ዘመን ላላየ ወጣት ይህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ምስል ለሰብለ አንድ መልክ ብቻ ይሰጣታል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ያንን ገጽታ ከሐሳቡ ማውጣት ይከብደዋል። በስልክ ተቆራርጦ ሲሰራጭ ደግሞ በቀዳሚነት የሚዘዋወረው የፍቅሩ ክፍል ነው፤ የግብሩ ክርክር ወደ ኋላ ይቀራል።

ለቢቸና እና ለሞጣ ከባዱ ጉድለት ይህ ነው። መጽሐፉ በታተመ በኹለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም፣ የጎጃም አርሶ አደሮች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውመው ተነሡ። የሞጣ እና የቢቸና አውራጃዎች ከንቅናቄው ዋና ማዕከላት መካከል ነበሩ። አርሶ አደሩ የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ ግብሩ የመሬት ልኬታን አስከትሎ ርስቱን እንዳያሳጣውም ሠግቶ ነበር። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ ኾኖም በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

መጽሐፉ ንቅናቄውን ቀሰቀሰ ለማለት አይደለም። በልቦለዱ ያለው ባላገር እና በ1960 ዓ.ም የተነሣው አርሶ አደር ግን ያነሡት ጥያቄ ይመሳሰላል፤ ገዥ ከባላገሩ ምን ያህል ሊጠይቅ ይችላል? ታሪኩን የኹለት ወጣቶች ፍቅር ብቻ አድርጎ የተቀበለ ልጅ ይህን ጥያቄ አያገኘውም፤ አያቶቹም የጥያቄው ባለቤቶች እንደነበሩ ላያውቅ ይችላል።

ጉዳዩ በአኹኑ ጊዜ ይበልጥ ያሳስባል። የጸጥታ ችግር በክልሉ በርካታ አካባቢዎች ትምህርትን አስተጓጉሏል። ከመምህር እና ከቤተ መጻሕፍት የራቀ ተማሪ ታሪኩን የሚያገኘው እጁ ላይ ባለው ስልክ ከኾነ፣ የመጀመሪያው ትውውቁ ቁርጥራጭ ምስል ይኾናል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንደየቤቱ ቢለያይ መልካም ነው። ማንበብ የሚችል እና መጽሐፉን ያገኘ ተማሪ ከመጽሐፉ ቢጀምር ምንም አይጎድልበትም። በመጽሐፉ ርዝመት ለሚፈራ ወይም ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎች ትረካው ምርጥ መግቢያ ነው። ድራማው ከኹለቱ በኋላ ቢመጣ ተመልካቹ የተጨመረውን እና የተተወውን ለመለየት ዐይን ይኖረዋል። በድራማው የጀመረም ቢኾን አልረፈደበትም፤ የሚያስፈልገው በዚያ አለማቆም ነው።

ትረካውን በቤተሰብ ለሚያደምጡ አንድ ቀላል ልማድ ይበጃል። ፊታውራሪ መሸሻ በባላገሩ ላይ የሚዘምቱበት ክፍል ሲደርስ ድምፁን ጥቂት ማቆም፣ በቤቱ ያሉትን አዛውንትም ስለ 1960 ዓ.ም መጠየቅ ነው። ያ መልስ በመጽሐፉም፣ በትረካውም፣ በድራማውም ውስጥ የለም፤ የዚያ ዘመን ወጣቶችም ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው።