የአሉሚኒየሙን የገና ዛፍ ማን ጣለው?

የአሉሚኒየም የገና ዛፍ በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ አምራቾች አንዱ የቺካጎው ሞደርን ኮቲንግስ ነበር። ስለ አወዳደቁ ሲነሳ ሰብሳቢውም ጋዜጠኛውም የሚያወራው አንድ ነው፦ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሲቢኤስ ዲሴምበር 9 ቀን 1965 ያሳየው የቻርሊ ብራውን የካርቱን ፊልም ገደለው ይባላል። በፊልሙ ሉሲ የምትባል ልጅ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ዛፍ እንዲያመጣ ቻርሊ ብራውንን ታዝዘዋለች፤ ልጁ ግን የኮሰመነች እውነተኛ ዛፍ ይዞ ይመጣል። ወሬው ይጥማል፤ ማስረጃው ግን የጊዜ መገጣጠም ብቻ ነው።

የዛፉ ጣጣ ከአሠራሩ ይጀምራል። ለዚህም ከሁሉ የታወቀውን፣ ኤቨርግሊም የተባለውን ዛፍ ማየት ይበቃል። አምራቹ አሉሚኒየም ስፔሻልቲ የሚገኘው በአሉሚኒየም ድስትና መጥበሻ በታወቀችው በዊስኮንሲኗ ማኒቶዎክ ነበር። የሽያጭ ኃላፊው ቶም ጋነን በ1958 ቺካጎ ውስጥ በአንድ ሱቅ መስኮት የብረት ዛፍ ያያል፤ ኩባንያው በማግስቱ ዓመት የራሱን ለገበያ ያቀርባል፤ በአሥር ዓመት ገደማም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያመርታል። ግንዱ ብርማ ቀለም የተቀባ እንጨት ሲሆን ዙሪያውን በሰያፍ ተበስቷል። ቅርንጫፉ በቀጫጭኑ የተተለተለ የአሉሚኒየም ፎይል የተጠመጠመበት ሽቦ ነው። በዓሉ ሲያልፍ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ተነቅሎ ወደ ወረቀት ማቀፊያው፣ ከዚያም ወደ ካርቶኑ ይመለሳል። አይደርቅም፣ አይረግፍም። አንድ ጊዜ የገዛ ቤተሰብ ሁለተኛ የሚገዛበት ምክንያት የለውም፤ ሚሊዮኑ በተሸጠ ቁጥር ገዢው እየተመናመነ ሄደ ማለት ነው።

ሌላው ችግር መብራት ነው። የአምፖሉ ሽቦ ልባስ ከተላጠ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ስለሚያልፍ፣ አምፖል መደርደር አደገኛ ነበር። መፍትሔው በሞተር የሚሽከረከር ባለ ቀለም ክብ ፕላስቲክ ከአምፖል ፊት አቁሞ ዛፉን ከወለል ላይ በየተራ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ማድረግ ሆነ። ያምራል፤ የገና አምፖሎቹን ከሣጥን የሚያወጣ ቤተሰብ ግን ምን ያድርጋቸው? አረንጓዴው የፕላስቲክ ዛፍ ያለ ስጋት ተሸከማቸው።

ፊልሙ ቢያንስ አጣድፎታል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ቀልድ የሚያስቀው ሁሉም የሚያውቀውንና የሰለቸውን ነገር ሲነካ ነው። ሉሲ ሮዝ የተቀባ ቢሆን እንኳ እንደማትጠላ ስትናገር ተመልካቹ ከሳቀ፣ ፋሽኑ ከፊልሙ በፊት አርጅቶ ነበር።

ጆን ሺሞንና ጁሊ ሊንደማን የተባሉ አርቲስቶች እዚያው ማኒቶዎክ አካባቢ የተጣሉትን ዛፎች ሰብስበው በ2004 በፎቶግራፍ መጽሐፍ አሳተሙ። በሰብሳቢዎች ዘንድ ሮዝ ቀለም ያለው ዛፍ ከብርማው እጅግ ይወደዳል። ሰብሳቢ ሲገዛ ቅርንጫፎቹን ከግንዱ ቀዳዳዎች ጋር ያስተያያል፤ ማቀፊያ ወረቀቱና ካርቶኑ ካሉ ዋጋው ይጨምራል። ብዙ ዛፎች ከየምድር ቤቱ የወጡት ቅርንጫፋቸው አንድ በአንድ በማቀፊያው እንደተሸፈነ ነው። በካርቱን ፊልም ያፈረ ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ አያስቀምጥም።