ከሻይ ትሪው በስተኋላ የቀረችው ሴት

የ1960ዎቹ የካንቶንኛ ሲኒማ ሠርታ የምታድረውን ልጃገረድ ነጻ አወጣ የሚሉ ተቺዎች የፊልሞቹን መጨረሻ ዘንግተዋል። እርግጥ ነው፣ ኮኒ ቻን እ.ኤ.አ. በ1966 በ«ሌዲ ቦንድ» ወንዶችን ስታንበረክክ ታይታለች። ከአድናቂዎቿ ብዙዎቹ በሆንግ ኮንግ የጨርቃ ጨርቅና የፕላስቲክ ፋብሪካዎች እየሠሩ፣ በደመወዛቸው ወንድሞቻቸውን የሚያስተምሩ ልጃገረዶች ነበሩ። የቲኬቱን ዋጋ የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ይሁንና የፋብሪካ ሠራተኛዋ ራሷ የፊልም ታሪክ ስትሆን፣ ድካሟ የሚካሰው ብዙውን ጊዜ በደመወዝ ጭማሪ ሳይሆን በባል ነው፤ ያውም በባለጸጋ ልጅ!

ላለማግባት የማለችውስ? በጓንግዶንግ የሐር አምራች ወረዳዎች፣ ለሙሽራ የሚሠራውን የጸጉር ጥቅል በገዛ እጃቸው ሠርተው ያለ ትዳር መኖርን የመረጡ ሴቶች ነበሩ። በ1930ዎቹ የሐር ገበያው ሲወድቅ ብዙዎቹ ወደ ሆንግ ኮንግ ተሰደው የቤት ሠራተኞች ሆኑ። በእነዚያ ፊልሞች ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ለብሰው ይገባሉ፤ ሻይ ያቀርባሉ፣ ያስቃሉ፣ ይወጣሉ። ባል የማትሻ ሴት ታሪክ የላትም ተብሎ የተፈረደባቸው ይመስላል። አን ሁይ ያላገባች አሮጊት የቤት ሠራተኛን ማዕከል አድርጋ «ኤ ሲምፕል ላይፍ»ን ለዕይታ ስታበቃ ዘመኑ 2011 ደርሶ ነበር። ዲኒ ኢፕም በዚሁ ሚና በቬኒስ ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማትን ተቀበለች። ያን ጊዜ ትሪ ተሸክመው ከኖሩት ሴቶች አብዛኞቹ በሕይወት አልነበሩም።